ከክምሩ ሥር የወጣው ወፍጮ

ልጅ ሳለሁ፣ ቢቸና፣ ቢቸና ልበል እንጂ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ አያቴ አመሻሽ ላይ ፍሙን በእንጨት ጫፍ እየቆሰቆሱ የአቅኚ አባታችንን ዘመቻ ይተርኩልን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ያ የጥንት አባት ከዓባይ ማዶ የመጣውን ጠላት ድል ነሥቶ መሬቱን እንዳቀና እንሰማለን። አይ፣ የዓባዩ ኋላ የተጨመረ ነው፤ መጀመሪያ የሰማሁት «ከሞጣ ወገን» ሲሉ ነው። የወደቁት ወታደሮቹ ከነጦራቸው በማሳችን ጫፍ ተቀበሩ፤ የተረፉትም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድንጋይ ጣሉባቸው። ያኔ በዚያ ክምር አጠገብ ሳልፍ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

ተረት ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት! ነገር ግን ያኔ ርስት የሚገኘው ትውልድን እስከ አቅኚው አባት ድረስ በመቁጠር ነበርና፣ አያ በላቸው የሚባሉ የሞጣ ሰው «ቀድሞ ያቀናው የእኛ አባት ነው» ብለው ማሳውን ጠየቁ። አያቴ ክምሩን ምስክር ጠሩ። ሽማግሎቹም ይቆፈር፣ ጦር ከተገኘ መሬቱ የአያቴ ይሁን አሉ።

ተቆፈረ። ጦርም አጥንትም የለም። የወጣው አመድ፣ የእንስራ ስባሪና መሐሉ የጎደጎደ የድንጋይ ወፍጮ ነው። ከምን በላይ፣ ከምን በታች እንደ ነበር ሳያዩ በመቆፈሪያ ጎትተው አወጡት፤ ዕድሜውን የሚጠቁመው እሱ ነበርና ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ቦታው የሰው መኖሪያ ነበር፤ ድንጋዩንም አራሽ ከማሳው ለቅሞ የከመረው ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው ያልሁት፤ አጥንት አለመገኘቱ ብቻውን ጦርነት አለመኖሩን አያስረዳም።

«ይኸውላችሁ፣ የእናታችን ወፍጮ!» አሉ አያ በላቸው።

«እናትህ ስትፈጭበት አየሃት?» አሉ አያቴ።

«የእርስዎ ሙታንስ ጦራቸውን ይዘው ሸሹ?»

ሽማግሎቹ ሳቃቸውን ውጠው ማሳውን ለሁለት ከፈሉት። ወፍጮውን አያቴ ተሸክመው ገቡ። በዚያው ምሽት ግማሽ ርስታቸውን ያጡት አያቴ ተረቱን እንደ ገና ጀመሩ፤ አቅኚው አባታችን አሁን ስንቅ የምትፈጭለት ሴት አስከትሏል።

«አባባ፣ ትናንት እኮ ወፍጮ አልነበረበትም!» አልኋቸው።

«ትናንት መች ተገኘና!»

ኋላ ዘመን ተለውጦ ርስት የሚባለው ቀረ፤ ማሳውም ከሁለታችንም ቤተሰብ እጅ ወጣ። በቅርቡ ሞጣ ገበያ ላይ የአያ በላቸው የልጅ ልጅ አገኘኝና «መምህር፣ ወፍጯችንን መቼ ነው የምትመልሱልን?» አለኝ እየሳቀ። ማስረጃ ለማንም ወገን አያደላም እያልሁ ዕድሜዬን በጥቁር ሰሌዳ ፊት የፈጀሁት ሰውዬ፣ ገበያተኛው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ «የእኛ ነው!» ብዬ ጮህሁበት። ከዚያ ሁሉ ጭስና ፍም፣ ከዚያ ሁሉ ቁፋሮ እኔ ዘንድ የቀረው ይህ ጩኸት ሆነ።