የጣሳዋ ስም

ያቺ መኪና ያስወጣችኝን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። አንድ ሙሉ የዕቁብ እጣ፣ ልከራየው የነበረ አንድ የንግድ ቦታ፣ እና አንድ ጓደኛ። ከሦስቱ በርካሽ የሄደው ጓደኛው ነው።

አሮጌ መኪና ገዝቼ የምሸጥ ሰው ነኝ። ትምህርቴን ቶሎ አቋርጬ የቀረውን ካዛንቺስ አስተማረችኝ፤ ያውም ያለ ክረምት እረፍት። ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ነበር የምንውለው። አንድ ማኪያቶ አዝዘህ እስከ ምሳ ትቀመጣለህ፤ ገዢ ይመጣል፣ ሻጭ ይመጣል፣ መሀል ላይ እኛ አለን። በረንዳው አንድ ሕግ ነበረው። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ሁሉም ግን ያከብረዋል፤ የምትሸጠውን አትማ። መኪናህ ዘይት እንደ ውሃ ብትጠጣ እንኳ፣ "እንዴት ናት?" ሲሉህ መልሱ "ወርቅ ናት" ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ዛሬ ባይሆን ነገ ሻጭ ነዋ። አዲስ ሰው መጥቶ በረንዳው ላይ ሲቀመጥ ሕጉን የምነግረው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ።

የመኪናዋን ስም አልጠራም፤ ፋብሪካው ጠበቃ አለው፣ እኔ የለኝም። ከውጭ ተፈታትታ በሣጥን እየመጣች ከከተማው ወጣ ብሎ ትገጣጠም ነበር። ትንሽዬ ናት፤ አዲስ ሆና ሳለ ከአሮጌ መኪና በታች ትሸጣለች። በሯ ሲዘጋ ባዶ ጣሳ የተመታ ስለሚመስል በረንዳው "ጣሳ" አላት። በዚያን ጊዜ ቃሉ ስድብ ነበር።

የመጀመሪያዋን ጣሳ ያገኘሁት አንድ ሙሽራ ስላፈረባት ነው። ለሰርጉ አጀብ ይዟት ሄዶ አማቾቹ ሳቁበት፤ ሳምንት ሳይሞላው መጥቶ "የፈለግከውን ሰጥተህ ገላግለኝ" አለኝ። የሰው ኀፍረት ርካሽ ዕቃ ነው። ገዛሁት። በረንዳው ፊት ሳቆማት ጓደኛዬ፣ የሜትር ታክሲ ነጂ ነው፣ ዞሮ ዞሮ አያትና፣

"ገዝተሃት ነው ወይስ ሳሙና ስትገዛ መርቀውልህ?" አለኝ።

"ነድቼ ልያታ።"

"ንዳት፣ ንዳት። ስትመለስ ግን ሽሮ አትቁላባት።"

እኛ አገር መኪና የሚፈረድባት በመስቀል ነው። ዓመቱን ሙሉ ሱቅ ውስጥ የዋለ ነጋዴ ሁሉ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ስኳሩንና ለአባቱ የገዛውን ጋቢ ጭኖ በቡታጅራ መንገድ ወደ አገር ቤት ይወርዳል። መንገዱ የሰልፍ ያህል ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ዳር የቆመውን ሁሉም እያየው ያልፋል። የሚሰድበው የለም፤ "እግዜር ይርዳህ" ብቻ ይሉታል። ማን በምን መኪና እንደቆመ ግን ክትፎው ሳይበርድ መንደሩ ሁሉ ይሰማል፤ ከበዓል ስትመለስ ዋጋህ ተቆርጦ ይጠብቅሃል።

በዚያ ዓመት መስቀል ሚስቴን፣ ልጆቼን፣ አክስቴንና አንድ ጆንያ ዱቄት በጣሳ ጭኜ ወረድኩ። ዳገቱ ላይ የታወቁት መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው፣ ባለቤቶቻቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሲያጠጧቸው አገኘሁ። ጣሳ እያጓራች አለፈቻቸው። ፍጥነቴን ቀነስ አድርጌ ለእያንዳንዳቸው "እግዜር ይርዳህ" አልኩ። ሚስቴ "ይበቃሃል፣ አፍህን ያዝ" ብላኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ጓደኛዬ ራሱ ጣሳ ገዛ። የሜትር ታክሲው ሁሉ ጣሳ ሆነ። "ጣሳ ካላገኘህ ሌላ እንዳታመጣብኝ" የሚሉ ገዢዎች ይደውሉልኝ ጀመር። ስሟ ያው ጣሳ ነው፤ አሁን ግን ሰው ልጁን እንደሚጠራ አድርጎ ነው የሚጠራት። እኔ ብዙዎቹን አሻሻጥኩ፤ የራሴን ግን አልነካኋትም።

ቀጥሎ ፋብሪካው አዲሷን ጣሳ አመጣ። ከላይ ሲያዩአት ታምራለች፤ ስክሪን አላት፣ የኋላ ካሜራ አላት። ዋጋዋ ብዙም አልጨመረም፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ ሲጨምር እሷ ለምን እንዳልጨመረች መጠየቅ ነበረብኝ። ነጋዴ ነኝ፤ ሽንኩርት ብትረክስብኝ እጠይቃለሁ። ዋጋውን ላለመጨመር ከሆዷ ቀንሰው ኖሯል። ጋራዥ ውስጥ ጣሳ እንደበዛች አይቻለሁ፤ "ብዛቷ ነው እንጂ" ብዬ አለፍኩት። አዲሷን የገዛውን ሁሉ ስጠይቅ ደግሞ መልሱ አንድ ነው። ወርቅ ናት። ሁሉም በረንዳው ያስተማረውን ነው የሚለው።

ካዛንቺስ ሲፈርስ በረንዳው አብሮ ሄደ። አንድ ጠዋት ስሄድ ካፌው የቆርቆሮ ክምር ሆኖ ጠበቀኝ። በረንዳው ላይ ሳለን ውሸቱ እንኳ መመዘኛ ነበረው፤ አንዱ ሲዋሽ ሌላው ያስለዋል፣ አንተም ትገባሃለች። ስንበተን እያንዳንዱ ውሸቱን ብቻውን ይዞ ሄደ። እኔ ኡራኤል አካባቢ አስፋልት ዳር ቆሜ በስልክ መነገድ ጀመርኩ። የቆመ ደላላን ማንም አያምንም፤ ገንዘብ ተቀብሎ ሊሮጥ የተዘጋጀ ይመስላል። ስለዚህ ቂርቆስ ውስጥ ሦስት መኪና የሚያቆም ግቢ ከነአንዲት ክፍሉ አየሁ። ባለቤቱ የዓመት ኪራይ ቅድሚያ ጠየቀኝ፤ እስከ መስቀል ማግስት ሊጠብቀኝም ቃል ገባ።

ዕቁቡ ደረሰኝ። ለግቢው ግን አልሞላም። አሰብኩ፤ ከመስቀል በፊት የእኛ ሰው መኪና ይፈልጋል፤ ሁለት አዲስ ጣሳ ገዝቼ በበዓሉ ሰሞን ብሸጥ ትርፉ ጎዶሎውን ይሞላል። ለመግዣው አሮጌዋን ጣሳዬን ለአንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሸጥኩላቸው። የካዛንቺስ ጎረቤቴ ናቸው፤ አገራችንም አንድ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከከተማው ዳር ገብተዋል። "እንዴት ናት?" አሉኝ። "ወርቅ ናት እትዬ" አልኳቸው።

አዲሶቹን ከመግዛቴ በፊት ጓደኛዬን ላማክር ስታዲየም ሄድኩ። አሮጌ ጣሳውን ሸጦ አዲሷን ሲነዳ ከርሟል፤ ከእሱ በላይ የሚያውቃት የለም።

"አዲሷ እንዴት ናት?"

"የትኛዋ?"

"የተደገፍካት።"

ስፖኪዮውን በመሀረብ ወለወለ። "ወርቅ ናት።"

"ፍሪሲዮኗስ?"

"ወርቅ አልኩህ እኮ። ግብር ልትጥልብኝ ነው እንዴ?"

ሳቅን። መኪናዋ ታጥባ ታበራ ነበር። በሥራ ቀን ጠዋት መኪናውን አሳጥቦ የቆመ ታክሲ ነጂ ሥራ እንደማይጠብቅ እኔ ለስንቱ ነው ያስተማርኩት። በቃ፣ አየሁት፣ ሳቅኩ፣ ሄጄ ሁለት ጣሳ ገዛሁ።

አንዷን ከተማ ውስጥ ለገዢ አቆምኳት። ሁለተኛዋን ለመስቀል ሚስቴንና ልጆቼን ጭኜ እኔው ነዳኋት፤ መንገድ ላይ ትታይልኝ ብዬ። በዚያው በድሮው ዳገት፣ ግማሽ ላይ ስንደርስ፣ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ፍሪሲዮኗ አልቋል። ዳር ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ እንዲሁ ለወጉ፤ ኮፈን ቢከፈት ፍሪሲዮን አይድንም።

የሸጥኩለት ሰው ሁሉ አለፈኝ። አንዳንዱ እጁን አነሳ። አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ጋሼ፣ ወርቅ ናት?" ብሎ ሳይቆም ሄደ። ጓደኛዬ መጣ፤ በሌላ ዓይነት መኪና። ቆመልኝ፤ ይህን አልክድበትም።

"ጣሳህስ?" አልኩት።

"ሸጥኳት።"

"ስታዲየም ስጠይቅህ ልትሸጣት ነበር?"

"ገዢ ቀጥሬ ነበር። አንተ ስትመጣ እሱን ነበር የምጠብቀው።"

"ለእኔ እንኳ?"

"አንተ ከሰማህ ገበያው ሰማ ማለት ነው። ደግሞ ሕጉን ማን ነው የነገረኝ? በረንዳው ላይ ገና ስቀመጥ አንተ አይደለህ?"

"ገመድ ይዘሃል?" አልኩት።

"አልያዝኩም። ልጆቹን ላድርስልህ?"

"ተወው።"

መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ልጆቼ መኪናው እስኪጠፋ አዩት፤ አጎቴ ነበር የሚሉት።

ቀጥላ የመጣችው የድሮዋ ጣሳዬ ናት። በድምጿ ነው ያወቅኋት። አስተማሪዋ ከፊት ተቀምጠዋል፤ የምትነዳው ልጃቸው ናት።

"አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ቆሜ ነው እትዬ።"

"መቆምህንማ አየሁ።" ሚስቴንና ልጆቼን ከኋላ አጠጋግተው ጫኑ። በሩ እንደ ድሮው እንደ ጣሳ ጮኸ። ከዚያ በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ "ይቺን ስትሸጥልኝ ምን ነበር ያልከኝ?" አሉ።

"ወርቅ ናት ነው ያልኩዎት።"

"የዋሸኸኝ መስሎኝ ነበር" አሉና ሄዱ።

እኔ በጭነት መኪና ተጎትቼ ደረስኩ። ደመራው አልፎኛል፤ ወሬው ግን ቀድሞኛል። አዲስ አበባ ስመለስ አዲሷን ጣሳ የሚጠይቅ ጠፍቷል። እኔ ብቻ አይደለሁም የቆምኩት፤ በዚያ መስቀል ብዙ አዲስ ጣሳ ኮፈኑን ከፍቶ ነበር፤ ዝም ያለው ሁሉ በአንድ ሳምንት አፍ አወጣ። ጣሳ እንደገና ስድብ ሆነች። የድሮዋ ግን ተለይታ ወጣች፤ ገዢ አሁን ከሁሉ በፊት ሊብሬዋ ላይ የተመረተችበትን ዓመት ያያል፣ የመጀመሪያዎቹን ካገኘ ከአዲሷ አስበልጦ ይከፍላል። ነጋዴ ይህን ሲያይ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ አስተማሪዋ ቤት ሄድኩ።

"እትዬ፣ ከሸጥኩልዎት ላይ ጨምሬ ልውሰዳት።"

"አልሸጣትም።"

"ዋጋውን እርስዎ ይጥሩ።"

"አልሸጣትም አልኩህ። ስለማልሸጣት ደግሞ እውነቱን እነግርሃለሁ። መሪዋ ይንቋቋል። በዝናብ የኋላ በሯ ውሃ ያስገባል። ከዚያ ሌላ እንከን የላትም።"

በዚህ ሁሉ ዘመን ባለቤት የራሱን መኪና ሲያማ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እንደዚያ መኪና የሚያሸጥ ቃል እኔ በአፌ ይዤ አላውቅም። ሻይ አቀረቡልኝ፣ ጠጣሁ፣ በታክሲ ተመለስኩ።

የቆመችውን ጣሳ ፍሪሲዮን አስቀይሬ ከገዛሁበት በታች፣ በጣም በታች፣ ሸጥኳት። ሌላዋ ኡራኤል አካባቢ ቆማለች፤ ጠያቂ የላትም። የቂርቆሱን ግቢ ሌላ ሰው ይዞታል። ዕቁቡ አላለቀም፤ በየሳምንቱ እጥላለሁ። ጓደኛዬን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ። የምነግደው አሁንም አስፋልት ዳር ቆሜ ነው።