ሆዷ ላይ ጭረት ያላት ዜሮ

የልጅ ልጆቼ «እምዬ፣ ከኢንጂነሩ ጋር የተጣላሽበትን ንገሪን» እያሉ ይጨቀጭቁኛል። እኔ አልተጣላሁም። ከፊቱ አልነሳም አልኩት እንጂ አልተጣላሁም። እነሱ እንደሚያወሩት ካቻቢቴም አልሰበቅኩበትም።

እግሬ አንድ ቤት አይበረክትም። ሮብ ገበያ ሴቷ ልጄ ዘንድ ገብሱ እስኪታጨድ እቆያለሁ፤ ከዚያ ጉንደ ወይን ወንዱ ልጄ ዘንድ፤ እሱም ሲሰለቸኝ ማርቆስ ታናሿ ዘንድ። «በዚህ ዕድሜሽ አንድ ቦታ አትቀመጪም?» ይሉኛል። ለመቀመጡማ መቃብር አለልኝ። አንድ ጊዜ ማርቆስ እንደመጣሁ፣ አዲስ በሚተከል የዱቄት ፋብሪካ ጽዳት ገባሁ። ልጆቼ አፈሩ። እኔ አላፈርኩም።

እዚያ አንዲት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበረች። ወለል ላይ የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ሽቦ፣ ሰማያዊውን ለብቻ ቀዩን ለብቻ፣ ለስፌቴ ማድመቂያ እየለቀምኩ ስቋጥር ታየኛለች። አንዱን ልጬ የመዳቡን ክሮች በሁለት ጣቴ ሳከርራቸው ግን ቆመች።

«እማማ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?»

«ጥጥ» አልኳት።

ሳቀችና «መጥረጊያውን አስቀምጠው ይምጡ» አለችኝ። የወሰደችኝ ቁም ሣጥን ወደሚያክል ብረት ነው፤ ፓኔል ይሉታል። የፋብሪካው አንጎል ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከየማሽኑ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ እህሉ ሞላ፣ ወንፊቱ ቆመ እያለ ለአንጎሉ ወሬ ያደርሳል። ወሬው የሚገባበት በር ተርሚናል ይባላል፤ እንደ ጥርስ የተደረደሩ ብሎኖች ናቸው። ሽቦውን ትልጣለህ፣ ታከረዋለህ፣ ጫፉን ትንሽዬ የብረት ቆብ ታለብሰዋለህ፣ ታስገባለህ፣ ብሎኑን ታጠብቃለህ። ከዚያ ትስበዋለህ። «ሳይስቡ አሰርኩ እንዳይሉ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሳልስበው ያለፍኩት ሽቦ የለም።

አንድ ቀን ገመድ ልትጎትት ፎቅ ስትወጣ ስምንት ሽቦና ስምንት ብሎን ትታልኝ ሄደች። «በየሽቦው ቁጥር የተጻፈባት ቀለበት አለች። ከላይ ወደ ታች በተራ ያስገቡ።»

ቁጥር አያቅተኝም፤ ፊደልም አያቅተኝ። አባቴ መርጡለ ማርያም የቆሎ ተማሪዎችን ሲያስተምር፣ እኔ ጥጥ እየፈተልኩ ከጎን ለቅሜዋለሁ። ማንም ነይ ተማሪ ብሎኝ አይደለም። ቀለበቶቹን አየሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ሰባት። በቀረችው አንዷ ላይ ግን ክብ ብቻ። ዐይኑ ዐ ናት አልኩ። በቁጥር መሀል ፊደል ምን አመጣት? «ዐምድ» ለማለት ይሆናል፣ ምሰሶው፣ ዋናው መስመር ናት ብዬ ፈታሁት። ዋና ከተርታው ጋር ይሰለፋል እንዴ? ከሁሉ በታች፣ ኃይል ከሚገባበት አጠገብ ለብቻዋ አከበርኳት። አንድን ከላይ አስገባሁ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ሁሉንም ሳብኩ።

በማግስቱ ወጣት ኢንጂነር ከአዲስ አበባ ሊፈትሽ መጣ። ሞተር ሳይነሳ፣ እህል ሳይገባ፣ የየማሽኑን ጠቋሚ እየነካ ፓኔሉ ላይ የትኛው መብራት እንደሚበራ ያያል። የአንዱን ሲነካ የጎረቤቱ ይበራል።

«ማነው ያሰረው?»

ባለሙያዋ በእኔ ፈንታ ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። «እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ጽዳት አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። ይህንንም ያሰርኩ እኔ ነኝ።»

ክቧን ቀለበት በጣቱ ያዘና «ይቺ ምን ትላለች?» አለኝ። ዐይኑ ዐ ስል ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ዜሮ ናት፣ እማማ! ቁጥር የሚጀምረው ከዜሮ ነው።»

«በግህን ስትቆጥር ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት ትላለህ?»

«የእርስዎ ስልክ በምን ይጀምራል?»

«በዜሮ። ዜሮን ብቻዋን ደውዬ ግን ያነሳልኝ የለም።»

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ፊቱ ቀላ። መቁረጫ አነሳና «ሁሉም ይቆረጥ፤ ሌላ ሰው ያስረዋል። እርስዎም ወደ መጥረጊያዎ። ይህን በር ሁለተኛ እንዳይነኩ» አለ።

መጥረጊያ አልንቅም። ነገር ግን በዕድሜዬ ከጎን ሳልለቅም፣ ፊት ለፊት «ይምጡ» ተብዬ የተማርኩት ይህን የሽቦ ሥራ ብቻ ነበር። ሄጄ በፓኔሉና በእሱ መሀል ቆምኩ።

«ልጄ፣ ሽቦው ምን አጠፋ? ያጠፋሁ እኔ ነኝ። ደስ ያለህን ሳብ። አንዷ ከወጣችልህ ሁሉንም ቁረጥ፤ እኔም እሄዳለሁ።»

ሳበ። ላይኛዋን፣ መካከለኛዋን፣ ታችኛዋን፣ በእልህ ሳበ። ፓኔሉ ተንቀጠቀጠ እንጂ አንድም አልወጣ።

«በእጄ የገባ በእጄ ይወጣል» አልኩት። «ኃይሉን አጥፋልኝ።»

አጠፋው። መጀመሪያ ከታች ያከበርኳትን ፈታሁ። ባዶ በቀረው ቦታ ሰባትን አወረድኩ፣ በሰባት ቦታ ስድስትን፣ እንዲህ እያልኩ ወደ ላይ ወጣሁ። ስገጥማቸው ትርፍ ትቼላቸው ስለነበር አላጠሩም። በመጨረሻ ላይኛዋ ብሎን ባዶዋን ቀረች። ዜሮን እዚያ አስገባኋት። እያንዳንዳቸውን ሳብኩ። ኃይሉ ተመልሶ እንደገና ሲፈትሽ መብራቶቹ በተራቸው በሩ።

ኢንጂነሩ እኔን ሳያይ ባለሙያዋን «ቀጣዩንም እሳቸው ይሥሩት» አላት።

«እሠራለሁ» አልኩ። «ግን ዜሮ ሆዷ ላይ ጭረት ይደረግባት። አለዚያ ነገም ዐይኑ ዐ እላታለሁ።»

«እንዲህ የሚባል አጻጻፍ የለም፣ እማማ።»

«ዛሬ መጣ» አልኩና ከኪሱ እስክሪብቶውን ተቀብዬ የተገኘችውን ዜሮ ሁሉ በየቀለበቷ ጫርኳት። ፋብሪካው ዱቄት እስኪያወጣ ድረስ ከዚያ በር የነቀነቀኝ የለም።

ዓመታት አለፉ። በቅርቡ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ የትምህርቷን ኮምፒውተር ከፍታ ስታሳየኝ፣ ዜሮዋ ሁሉ ሆዷ ላይ ጭረት አላት። «ማን ነገራቸው?» አልኳት። ለካ እሷ እንዳስረዳችኝ፣ የተማሩት ፈረንጆች፣ ዜሮ ከራሳቸው ክብ ፊደል ጋር እየተምታታች ብታስቸግራቸው፣ እኔ ያን ፋብሪካ ሳልረግጥ ገና ዱሮ ጭረት ሲያደርጉባት ኖረዋል።