ወደ ቀኝ አልዞር ያለችው ካሚዮን

ትእዛዙ የደረሰን ጎህ ሲቀድ፣ መቀሌ አጠገብ ካለችው መንደር ዓይናለም ላይ ነው። ጣሊያን መቀሌን ለቆ ወደ ደቡብ እየሸሸ ነበር፤ ሽሽቱን የሚሸፍንለት ጦር ግን ከከተማዋ በላይ ካለው ጋራ ማዶ ቀርቶ ይዋጋል። የጋራውን ጫፍ የያዙት የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ጥይታቸው እያለቀ ነው። የመቶ አለቃችን ገብረሕይወት ከፊታችን ቆሞ አጭር ቃል ተናገረ።

«ጥይቱን እናወጣለን፤ ቁስለኛውን እናወርዳለን። ያ ጫፍ ከተለቀቀ መድፉን እዚያ ላይ ተክለው ከተማዋን ይመቷታል።»

እኔ የካሚዮኗ ሹፌር ነበርኩ። የተወለድኩት ወሎ ነው። ከጨርቅ ነጋዴዎች ጋር መቀሌ መጥቼ ሳለ ጣሊያን ገባ፤ በጣሊያኖቹ ጋራዥ ውስጥ በጉልበት ሥራ ተቀጠርኩ፤ እያየሁ መጠገንም መንዳትም ለመድኩ። በኋላ ያቺን አሮጌ ካሚዮን ይዤ ወደ አርበኞቹ ከዳሁ። ጀግንነት አትበሉት። በሩ ክፍት ነበር፣ ነዳጅ ነበራት፣ ወጣሁ።

ከሁሉም የምቀርባቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሐጎስ የእንደርታ ሰው ነው፤ መትረየስ ተኳሽ፣ ንግግር የማያበዛ። ይማም የአገሬ ልጅ ነው፤ በመቀሌ ገበያ የአሞሌ ጨው ሲሸከም የኖረ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው። የጥይቱን ሳጥን ሌላው ለሁለት ሲያነሳው እሱ ብቻውን ያነሳዋል።

አቀበቱን ስንጀምር መሪው ከበደኝ። ወደ ግራ ይታዘዛል፤ ወደ ቀኝ ሲሆን ግን በሁለት እጄ ብንጠለጠልበትም በግድ ነው። «ጭነቱ ነው» ብዬ አለፍኩት። ታችኛው ጠምዛዛ ወደ ቀኝ የሚዞር ስለነበር በአንድ ጊዜ ሊወጣልኝ አልቻለም፤ ወደ ኋላ መልሼ እንደገና ሞከርኩ። የፊት ጎማዋ ከጠርዙ ድንጋይ አንከባለለ። ሐጎስ ከጎኔ ሆኖ ቁልቁል አየና «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ምን ሆነች?» አለኝ። አላወቅሁም።

ከላይኛው ጠምዛዛ ስንደርስ ጠላት አየን። መትረየሱ ተንጣጣ። የፊት መስታወቱ ረግፎ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ከኋላ አንድ ሰው ተመትቶ ወደቀ። አላቆምንም።

ጫፉ ላይ ደርሰን ጥይቱን ሳናራግፍ ጥቃቱ ጀመረ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። መድፍ ቀደመ፤ እግረኛው ተከተለ። የእጅ ቦምብ ወረወሩብን፤ ወረወርንባቸው። ከጎኔ የተኛው ሰው ራሱን ተመታ፤ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የምሽጋችንን የድንጋይ ካብ ዘለው ሲገቡ በሳንጃ ተቀበልናቸው። አንዱን በጠመንጃ ሰደፍ መታሁት። ሲወድቅ እናቱን ጠራ፤ ቃሉን ከጋራዡ አውቀዋለሁ። ሊነሳ ሲል ደግሜ መታሁት። አልተነሳም።

ይማም በዚያ ሁሉ መሐል ሳጥን ተሸክሞ ወደ ሐጎስ መትረየስ ይመላለስ ነበር። በመጨረሻው ጉዞው ሆዱን ተመታ። ሳጥኑን ግን አልጣለውም፤ ቀስ አድርጎ አስቀመጠውና አጠገቡ ተቀመጠ።

ጠላት ሲያፈገፍግ ቁስለኞቹን ካሚዮኗ ላይ ጫንን። ዘጠኝ ነበሩ፤ ይማም በጣውላው ወለል ፊተኛ ዳር፣ በፊት ጎማው በኩል ተጋደመ። የመቶ አለቃው «ቶሎ ውረድ፤ እንደገና ሳይመጡ» አለኝ።

ሞተሩን አስነሳሁና መሪውን ወደ ቀኝ ሞከርኩት። ጭነቱ ወርዷል፤ መሪው ግን ከጠዋቱ ብሶበታል። ያ ጠላት የሚያየን ላይኛው ጠምዛዛ ስንወጣ ወደ ግራ ነበር፤ ስንወርድ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፣ ውጭው ገደል ነው። እዚያ ላይ ወደ ኋላ መልሶ መሞከር አይቻልም። ሞተሩን አጠፋሁ።

«ጌታዬ፣ እንዲህ ሆና ብወርድ ሁሉንም ገደል እከታቸዋለሁ።»

«ሰዎቹ እየሞቱ ነው፣ ሰይድ።»

«አውቃለሁ።»

ካሚዮኗንም እኔንም አየ። «እንግዲያው ፈልገህ አግኘው» ብሎ ወደ ምሽጉ ሄደ።

ጎማዎቹን በእርግጫ መታኋቸው፤ ሁለቱም ጠንካራ ናቸው። ፊቷን በክሪክ አንስተን ከሥሯ ድንጋይ ደገፍን፤ ሐጎስ መሪውን ያዘ። ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩም ወደ ቀኝ አልዞር አለ። እንግዲህ የክብደት ነገር አይደለም። ከሥር ገብቼ መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ፈታሁ። «አሁን አዙረው» አልኩት። በአንድ ጣቱ ዞረለት። እንግዲህ መሪው ራሱም ደህና ነው፤ ችግሩ ከጎማዎቹ በአንዱ ነው።

ከላይ የይማም ድምፅ መጣ። «ሰይዶ፣ አገኘኸው?»

«ደርሻለሁ።»

«አብሽር» አለኝ። የተመታው እሱ፣ የሚያጽናናው እኔን።

ሁለቱን ጎማዎች ለየብቻ ለማየት ያያዛቸውንም ዘንግ ፈታሁ። የግራው በእጄ ሲገፋ ወዲያና ወዲህ ሄደ። የቀኙ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ ወደ ሌላው ይነክሳል። በዚህ ጊዜ መድፉ እንደገና ጀመረ። ሐጎስ መሪውን ለቆ ወረደ፤ የመትረየሱን ዘይት ቆርቆሮ ወደ እኔ አንከባለለልኝ። «ኣጆኻ፣ አይዞህ» ብሎ ወደ መትረየሱ ሮጠ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላየሁትም።

ጎማው በሚዞርበት ወፍራም ብረት ዙሪያ ጣቴን አስገብቼ ዳሰስኩ። ከአንድ ወገን ሹል ነገር ቆረጠኝ። የቦምብ ስባሪ ነው፤ ምናልባት ከቀደመ ውጊያ ገብቶ በዞረች ቁጥር ወደ ውስጥ ሲጠልቅ የኖረ። ግራሶው ደርቆ ከአፈር ጋር አንቆታል። ዘይቱን አፈሰስኩበት፤ መሮ ይዤ በመዶሻ መታሁት። መሬቱ ከመድፉ የተነሳ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱን ምት ብረቱን አገኘዋለሁ፣ ሌላውን እጄን። ከጣውላው መሐል ደም እየወረደ ትከሻዬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የማን እንደሆነ ላለማሰብ ሞከርኩ።

ስባሪው ወጣ። ጎማው ዞረ። «ይማም! አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ዘንጎቹን መልሼ አሰርኩ። ከሥር ስወጣ የይማም ዓይን ክፍት ነበር፤ እኔ ወዳለሁበት ወደ ታች ዘንበል ብሏል። ከደንኩለትና መሪው ላይ ተቀመጥኩ።

ላይኛው ጠምዛዛ ላይ እንደጠበቅሁት ተኮሱብን። ጥይት የጭነቱን ሳንቃ በሳው፤ ከኋላ ጩኸት ሰማሁ። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት፤ ታዘዘልኝ። ገደሉ በግራዬ አለፈ። መቀሌ ስንደርስ ከዘጠኙ ስድስቱ በሕይወት ነበሩ። ሁለቱን ያ ጠምዛዛ ወስዷቸዋል።

ከቀትር በኋላ ጥይት ጭኜ ተመለስኩ። ጫፉ አልተለቀቀም። ሐጎስ መትረየሱ ላይ እንደተደፋ ነበር፤ እጁን ከብረቱ ለማላቀቅ ሁለት ሰው አስፈለገ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጠላት ወደ ደቡብ ሸሸ። የመቶ አለቃው፣ ክንዱ በጨርቅ ታስሮ፣ እየዞረ ሙታኑን ቆጠረ፤ ሃያ ሦስት ሰው። ክርስቲያኑን በቤተ ክርስቲያን፣ እስላሙን ከከተማዋ ዳር ቀበርን። የጠላትንም አፈር አልብሰናል፤ አልቆጠርናቸውም።

ልጆች ስለዚያ ቀን ሲጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ካሚዮኗን ሳልጠግን ብወርድ ኖሮ ሁሉም ገደል ይገቡ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ይማም ደግሞ ያን ያህል የሚጠብቅበት ደም አልነበረውም፤ ይህንንም አውቃለሁ። ሁለቱን አስታርቄ አላውቅም፤ አሁን እሞክራለሁም አልልም።

ሰላም ሲሆን ወሎ ሄጄ እናቱን አገኘኋት። እንዴት እንደተመታ አልጠየቀችኝም። እጄን ያዘችና «ሲሞት ብቻውን ነበር?» አለችኝ።

«አልነበረም» አልኳት። «ከሥሩ ነበርኩ።»