ካቴድራሉ ደጃፍ ላይ የተውኩት ጫማ

ባለፈው መስከረም በውጭ አገር በምንኖርበት በሆልምሊያ የብሎካችንን ደረጃ ሊቀቡ ሁለት ሠራተኞች መጡ። አንደኛው ጠጉሩ የሸበተ ፖላንዳዊ ነው። በስልክ ሲያወራ ሰምቼው ሳላስበው በቋንቋው ሰላም አልኩት። ባልዲውን አስቀምጦ ካየኝ በኋላ የት እንደተማርኩት ጠየቀኝ። እኔም ከየት እንደመጣ ስጠይቀው ቭዎትስዋቬክ አለ። ልጄ ሶስና በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አባዬ፣ ፖልስክ ትችላለህ እንዴ?»

«ያ፣ ትንሽ እችላለሁ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሳትነግረኝ?»

ስላልጠየቅሽኝ ነው አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ስለዚያች ከተማ ሳወራ አንድ ሰው ሳላነሳ ማለፍ ስለማልችል ነው ዝም የምለው።

በደርግ ጊዜ ለትምህርት ፖላንድ ከተላኩት አንዱ ነበርኩ። ኬሚስትሪ ነበር የማጠናው። በሦስተኛው ዓመት እኔና ታደለ የሚባል የአገሬ ልጅ ለተግባር ልምምድ ወደ ቭዎትስዋቬክ ተመደብን። ስሟን አስተካክዬ ለመጥራት ብቻ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ቪስዋ የሚሉት ሰፊ ወንዝ ዳር የተቀመጠች፣ የጳጳሳት መንበር የነበረች አሮጌ ከተማ ናት። ድሮ ነጋዴዎች እህላቸውን በጀልባ ጭነው ከዚያ ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር አሉ። በየጦርነቱ ስትቃጠልና ስትሠራ ኖራ፣ እኔ ስደርስ የፋብሪካ ከተማ ሆናለች። ነፋሱ ከአንድ ወገን ሲመጣ የወረቀት ፋብሪካው ይከረፋል። ከሌላው ወገን ሲመጣ ደግሞ ቺኮሪ የሚሉት ሥር ሲቆላ ይሸታል። እሱን ፈጭተው አፍልተው ቡና ነው ይላሉ። የቡና አገር ልጅ ስለሆንክ ፍረድ እያሉ ሲያጠጡኝ ጥሩ ነው እል ነበር። ለዚያ ውሸት የሚጠይቀኝ ያለ አይመስለኝም።

የተመደብነው ሳህንና ማሰሮ ከሸክላ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው፣ በቀጭን ብሩሽ፣ ቀና ሳይሉ አበባ ይስሉበታል። የኔ ሥራ ሳህኑን የሚያብረቀርቀውን ቅብ መለካትና መበጥበጥ ነበር። እጄ እስከ ክርኔ ነጭ ሆኖ ሲያዩ ሴቶቹ ይስቁብኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ደስ የሚል ሥራ ነበር።

ከታደለ ጋር አንድ ክፍል ነበር የምንኖረው። ረጅም፣ ቁጥብ፣ አልጋውን እንደ ወታደር የሚያነጥፍ ሰው ነው። የተማሪዎቹ ማኅበር ጸሐፊ ስለነበረ የያንዳንዳችንን ጠባይ በየወሩ ዋርሶ ላለው ኤምባሲያችን ይጽፋል። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም የተገኘ ተማሪ ትምህርቱ ተቋርጦ አገሩ እንደሚገባ፣ ከዚያም ግንባር እንደሚላክ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ማታ ማታ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ውስጥ ለውስጥ ነበር የማማትበው። ታደለን እፈራው ነበር፣ አልወደውም ነበር።

በየካቲት የእናቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። ታናሽ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ወደ ሰሜን ተልኳል። ደብዳቤውን ሳነብ ዕለቱ ኪዳነ ምሕረት እንደሆነ ትዝ አለኝ፣ እናቴ በየዓመቱ የምትዘክራት ናት። ከሰዓት በኋላ ሥራ አልነበረንም። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል። ወንዝ ለወንዝ ስሄድ ቆይቼ ሁለት ሹል ግንብ ያለው፣ ቀይ ጡብ ካቴድራል ፊት ራሴን አገኘሁት። ግራ ቀኝ አይቼ በጎን በር ገባሁ።

ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ያን ያህል የተጠነቀቅሁ ልጅ፣ ደጃፉ ላይ ጫማዬን አውልቄ፣ አፉን ወደ ውጭ አዙሬ፣ አስተካክዬ አስቀምጬው ነበር የገባሁት። አላሰብኩበትም፤ እግሬ ከልጅነቱ የለመደውን አደረገ። እዚያ አገር ሰው ሁሉ በጫማው ነው የሚገባው።

የድንጋዩ ወለል ቅዝቃዜ በካልሲዬ አልፎ አጥንቴ ድረስ ገባ። ሻርፕ የተከናነቡ አሮጊቶች እግሬን አይተው ተንሾካሾኩ። ከኋላቸው ተንበርክኬ፣ ወንድሜን በሕይወት ከመለስሽልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ቀና ከማለቴ ከበሩ በኩል የአማርኛ ድምፅ ሰማሁ።

«ይሄ ሁሉ የሕዝብ ላብ ነው፤ አየህ!»

ከዋርሶው ኤምባሲ የመጡት ኃላፊ ናቸው። ሊጎበኙን በሚቀጥለው ቀን ነበር የምንጠብቃቸው። ሾፌራቸውን አስከትለው፣ ጣሪያውን እያዩ፣ በመሃሉ መተላለፊያ አለፉ። እኔ አግዳሚ ወንበሩ ሥር አንገቴን ቀብሬ ጫማዬን አሰብኩ። ያንን ደጃፍ የረገጠ ኢትዮጵያዊ፣ የተቀመጠውን ጫማ አይቶ ውስጥ ማን እንዳለ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማሰብ አያስፈልገውም። አበቃልኝ ብዬ ኪዳነ ምሕረትን ሌላ አንድ ነገር ለመንኳት።

ከሄዱ በኋላ ብወጣ ጫማው የለም። በረዶው ላይ የሰው ዱካ ብቻ ነው ያለው። በካልሲ እስከ ማደሪያችን ሄድኩ። መንገድ ላይ የነበሩት ሰዎች ያበድኩ ነበር የመሰላቸው።

ክፍላችን ስገባ ጫማዬ ማሞቂያው አጠገብ፣ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ይደርቃል። ታደለ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያነባል።

«እግርህን በሙቅ ውሃ አትንከር፤ መጀመሪያ በፎጣ እሸው» አለኝ፣ ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳይነቅል።

ፎጣዬን አንስቼ እግሬን ማሸት ጀመርኩ። እራት ከኃላፊው ጋር ቀረብን። ቀይ ሥር ሾርባቸውን እየጠጡ ታደለን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«እንዲህ ያለ ቆራጥ ጓድ አላየሁም» አሉ። «ካቴድራሉን ያሳየኝ ብዬ ይዤው ሄጄ፣ እኔ ለታሪኩ ስል ስገባ፣ እሱ ደጃፉን አልረግጥም ብሎ በዚያ ብርድ ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ። ይህን በሪፖርቴ እጽፈዋለሁ።»

ታደለ ሾርባውን ይጠጣል። ቀድሟቸው ደርሶ ጫማዬን አንስቶ ካፖርቱ ውስጥ እንደከተተው ገባኝ። ይህን ያደረገ ሰው ግን አብሯቸው ገብቶ መውጣት ይችል ነበር፣ ማንም ምንም አይለውም። ወደ ክፍላችን ስንመለስ ጠየቅሁት።

«ለምን አልገባህም?»

ኮቱን መስቀያው ላይ እየሰቀለ ዞሮ አየኝ። የማይጠየቅ ነገር የጠየቅሁት መሰለው።

«በጫማ?» አለኝ።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ቆራጥነቱ በሪፖርት የተመሰከረለት ጓድ ታደለ፣ ሠራዊቱን እንዲያነቃ ተብሎ ወደ አገሩ ተጠራ። ከሄደበት ግንባር አልተመለሰም። ወንድሜ ግን ተመለሰ፤ ዛሬ አዲስ አበባ የልጅ ልጅ አይቷል። ጃንጥላውንም እናቴ በስሜ አስገብታለች።

ቀቢው ሥራውን ሲጨርስ፣ ከተማዋ አሁን ብዙ ፋብሪካዎቿ እንደተዘጉ፣ ወጣቱም ወደ ውጭ እንደሚሄድ ነገረኝ። ካቴድራሉ ግን እንዳለ ነው አለ። ለሶስናም ይህን ሁሉ ነግሬያት ነበርና፣ ሰውዬው ከወጣ በኋላ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«ለታደለስ ጸለይክለት?»

«ናይ፣ አልጸለይኩም» አልኳት።

ያፍራል ሰው፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። በረዶው ውስጥ ቆሞ ጫማዬን በደረቱ አቅፎ ሲጠብቅ፣ እኔ ውስጥ ተንበርክኬ፣ ከእሱ እንድታድነኝ ነበር ኪዳነ ምሕረትን የምለምናት።