ያልተመለሰው አሥራ አራት ቁጥር

ተብለጽ ባሕር አትወድም። በነሐሴ የሮም ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲጎርፍ እሷ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ገብታ ከበርበሬ ነጋዴው ጋር ስትከራከር መዋል ትመርጣለች። ወንድሟ ሃብቶም ከሊቢያ በጎማ ጀልባ ተነስቶ ከቀረ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያን ጊዜ ሮም ዳር፣ ፖንቴ ማሞሎ ከነበሩት የጣውላ ቤቶች በአንዱ ሆና ትጠብቀው ነበር። ቤቱም ፈረሰ፣ እሱም አልመጣ። አስመራ ያሉት እናታቸው ግን እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጡም። ስልክ በተደወለ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ፈልገውታል ወይ? ልጄን ሳይፈለግ ሞተ አልልም።» ተብለጽ ምን ትመልስ? የፈለገው የለማ።

እንግዲህ መርከብ የተሳፈረችው ይቺው ሴት ናት። የምትንከባከባቸው እማማ ኦርኔላ አባታቸው ጣልያን፣ እናታቸው የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ ሮም ውስጥ ኤስኲሊኖ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ አርጅተዋል። ባላቸው ሲኞር ክላውዲዮ የኖርዌይን ሰሜን ጫፍ በትንሽ መርከብ ሊያሳዩዋቸው ለሦስት ሰው ቦታ ይዘው ነበር። ሰው ያስባል እግዜር ይፈጽማል፤ በየካቲት ሞቱ። «እኔ ግን አልቀርም፤ አንቺም ትመጪያለሽ፤ ቫ ቤኔ?» አሉ እማማ ኦርኔላ። ቫ ቤኔ በጣልያንኛ «እሺ» ነው፤ እሳቸው ቫ ቤኔ ካሉ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርከቡ ከአንድ ትልቅ የበረዶ ግግር ፊት ቆመ። ግግሩ ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ እንደ አሮጌ ቁምሳጥን ይንቋቋል። ተሳፋሪው ሊጠጋው ተሰለፈ፣ ያውም በጎማ ጀልባ። ተብለጽ የእማማ ኦርኔላን ክንድ ይዛ ተሰለፈች።

መውጫው አጠገብ አንድ ሰሌዳ አለ። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር የተጻፈባት ክብ ፕላስቲክ ተንጠልጥላለች። የሚወርድ ሰው ቀዩን ጎን ይገለብጣል፤ ሲመለስ ነጩን። አንዲት ቀይ እንኳ ከቀረች መርከቡ አይንቀሳቀስም። የሟቹን ስም ከዝርዝሩ የሰረዘ አልነበረምና አሥራ አራት ቁጥር የእሳቸው ነበረች።

እማማ ኦርኔላ የራሳቸውን ገለበጡ፤ ቀጥለው አሥራ አራትን። «ክላውዲዮም ይምጣ እንጂ። የሱ ሐሳብ አይደል?» ተብለጽ ሐዘንተኛን ማን ይከራከራል ብላ ዝም አለች። መዘዙን ያመጣው ይኸው ዝምታ ነው።

ከግግሩ ሲመለሱ አሮጊቷ የራሳቸውን ብቻ መለሱ። «የሱን አልነካም። እዚያ ይቅር፤ ደስ ይለዋል» ብለው ሻይ ሊጠጡ ገቡ። ተብለጽ ልትገለብጣት እጇን ዘረጋች። ሳትነካት መልሳ ሰበሰበችው።

ብዙም ሳይቆይ የመርከቡ ጡሩምባ ጮኸ። ስድስት ሠራተኞች በሁለት ጀልባ ወረዱ። «ክላውዲዮ!» ብለው በድምፅ ማጉያ ተጣሩ፤ በረዶውም «ክላውዲዮ!» ብሎ መለሰላቸው። በመነጽር ይቃኛሉ፣ ሞተር አጥፍተው ያዳምጣሉ፣ እንደገና ይጣራሉ። ለማያውቁት ሰው! ተብለጽ ከመርከቡ ጠርዝ ሆና ታያለች። አንድ ቃል ብትናገር ሁሉም ይቆማል። ትንሽ ይፈለግ፣ አለች በልቧ፣ ትንሽ ብቻ። ሳታስበው «ሃብቶም!» ብላ ጮኸች። በረዶው ስሙን ሲመልስላት የወንድ ድምፅ መሰላት።

ያኔ ነው ወደ አስጎብኚው አሌሲዮ ሮጣ ሁሉንም የተናገረችው። አሌሲዮ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሲኞራ፣ ጓደኞቼ እኮ ከግግሩ ሥር ናቸው! ቢናድባቸውስ?»

አፈረች። እውነቱን ነው፤ በሰው ነፍስ ነው የተጫወተችው። ቢሆንም ሳትጠይቀው አላለፈችም። «ስንት ደቂቃ ፈለጋችሁት?»

«ሃያ» አላት ግራ ገብቶት፣ ፈላጊዎቹን በሬዲዮ እየጠራ። አሥራ አራትን በገዛ እጇ ገልብጣ ወደ ነጩ መለሰቻት።

ሮም በገቡ ማግስት አስመራ ወደ እናቷ ደወለች።

«አደይ፣ ተፈልጓል» አለች። «መርከብ አቁመው ፈለጉት። ስሙም ተጠራ። አላገኙትም።»

እናቷ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። «ስንት ሰው ወጣለት?»

«ስድስት። በሁለት ጀልባ።»

«እግዜር ይስጣቸው» አሉ እናቷ። ከዚያም አሥራ ሁለት ዓመት አፍነው የያዙትን ለቅሶ ጀመሩ።