ለለቅሶ የቆመው የሸክላ ራስ

ከክፉው ቀን ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ አንኮበር ላይ አንድ ፈረንጅ ተቀምጦ ነበር። ሥራው የሰው ራስ ማበጀት ነው፤ ከአንገት በታች አይሠራም። በወረቀት የታተሙ ራሶችም ነበሩት። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ አገላብጦ አያቸውና፣ "ለመሆኑ የዚህን ሁሉ ሰው አንገት ማን ቀላው?" አለው።

ባሌ ግን የራሱን መልክ በሸክላ ለማሠራት ቸኮለ። መልከ መልካም ነኝ ባይ ነበር። ከፈረንጁ ፊት በተቀመጠ ቁጥር ምሳ ደረሰ ወይ እያለ ይጠይቃል። ፈረንጁም ያንኑ ፊት እንዳለ ሠራው፤ አፉ ገርበብ፣ ዓይኑ ወደ ጓዳ።

በዓመቱ ባሌ ዘመተ። ጠላት ሳያይ መንገድ ላይ በተቅማጥ ሞተና እዚያው ተቀበረ። ሬሳ ሳይመጣ ሲቀር እንጨት አቁሞ የሟቹን ልብስ ማልበስ፣ ጋሻና ጎራዴውን ማስታጠቅ፣ በዚያ ላይ ማልቀስ የአገራችን ወግ ነው። ለራስ የጨርቅ ጥቅል ይበቃል። የባሌ አባት ግን ጎረቤቱ ለልጁ ካስለቀሰው የበለጠ ካላስለቀስሁ አለ። የሸክላውን ራስ አስመጥቶ እንጨቱ ላይ አስተከለው።

አገሩ ተሰበሰበ። አልቃሿ ጀመረች፦

"አንበሳው ሲያገሳ ዱሩ ይናወጣል፤
እንዳንተ ያለ ጀግና ከወዴት ይመጣል?"

ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ዜማው ተቆረጠባት። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት፣ "ውይ በሞትሁት! ቁርጥ እሱን! አሁንም ምሳውን ይጠብቃል" አለች። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ወንዶቹም መሬት መሬት ያያሉ።

የባሌ እኅት ጎኔን ቆነጠጠችኝ።

"አልቅሺ እንጂ አንቺ! አባባን በአገር ፊት ልታዋርጂው ነው?"

"እያየሁት?" አልኋት።

የባሌ አባት ዓይኑ ቀልቶ ተነሣ። የሸክላውን ራስ ነቅሎ ከቤቱ ጀርባ ጣለው። ከትከሻው ላይ ኩታውን አውርዶ ጠቀለለና በቦታው አሰረው።

"በሉ፣ አሁን አልቅሱ" አለ።

አልቃሿ ያንኑ ግጥም ከመጀመሪያው አነሣች። አንበሳም ቢሉት ጀግናም ቢሉት የሚያፍር ፊት አልነበረም። ገደሉ እስኪያስተጋባ ተለቀሰ፤ ያቺ አሮጊት እንኳ ፊቷን ነጨች። እኔም አለቀስሁ። ኩታው ከባሌ ይልቅ ሊያዝኑለት የሚገባ ሰው ይመስል ነበር።

እንዲህ ያለ ለቅሶ ታይቶ አይታወቅም ተብሎ እስከ አሊዩ አምባ ገበያ ድረስ ተወራ። የባሌ አባት ወሬውን በሰማ ቁጥር፣ "ልጄ ማን እንደነበረ ሰው አወቀ" ይል ነበር።