ስም አልጻፍሁም

ማንም ሳይጠራኝ እጄን ለምን አወጣሁ?

ሌላውን ሁሉ እመልሳለሁ። ያን ጽሑፍ ለምን እንደ ጻፍሁ አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት አፌን ለምን እንደ ከፈትሁም አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን መምህሩ «ማን ያንብብልን?» ሲሉ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ወረቀቴን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ መክተት እችል ነበር። እጄን አወጣሁ። ለምን? ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ጾም መሻሬን፣ ጎረቤት ማማቴን እየተናዘዝሁ ስኖር ይህን እየዘለልሁት ኖርሁ። ጽፌውም አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የምታዝኑልኝ ከሆነ አጣምሜ ጽፌዋለሁ ማለት ነው።

ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ጎንደር፣ ከእኔ በዐሥር ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ከጎኔ የምትቀመጠው እንጉዳይ ትባላለች፤ እሷም እንደኔ ዘግይታ የመጣች፣ ከአይከል አካባቢ የገበሬ ልጅ ናት። ልጆቹ «እትዬዎቹ» ይሉናል። «እትዬ፣ የልጅሽን ደብተር ነው ይዘሽ የመጣሽ?» ይሉኛል። እንጉዳይ ትስቃለች፤ እኔ አልስቅም። ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ አንድ አልጋ ላይ እያደርን፣ ከአንድ ድስት እየበላን ሁለት ዓመት ኖርን።

እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ እል ነበር። አልነበርሁም። እኔም የተወለድሁት ከአይከል ማዶ፣ ከቅማንት ቤት ነው። አባቴ በጉልምስናው ክርስትና የተነሣ ሰው ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን አንድ ስም፣ ለቤት ሌላ ስም ነበረው። ጎንደር ስመጣ ሁለቱንም ትቼ ሦስተኛ አባት ፈጠርሁ፤ የእስቴ ሰው፣ የካህን ዘር። ውሸቴ ጠንቃቃ ነበር። እስቴን ረግጬ ሳላውቅ ወንዞቿን በስም ሸመደድሁ።

ያወቀችብኝ እንጉዳይ ብቻ ናት። አንድ ቀን የፈላ ውሃ እግሬ ላይ ተደፋና በአባቴ ቋንቋ ጮኽሁ። እንጉዳይ በዚያው ቋንቋ «አይዞሽ» አለችኝ፤ እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ ያዘችልኝ። ከዚያ ሁሉንም ተነጋገርን። የሷም አባት አያ ጫኔ እሑድ ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ቅዱስ ከሚሉት ጥድ ሥር ወጥተው የአባቶቻቸውን ጸሎት ያደርሳሉ። «አደራ» አለችኝ እንጉዳይ፤ «አደራ» አልኋት። በዚያ ቋንቋ አደራ ማለት ጌታ ማለት ነው፤ የእግዚአብሔር ስም ነው። በሁለቱም ቋንቋ ነው የማልሁላት።

በመስከረም አገሯ ወሰደችኝ። ለአባቷ እንኳ ማን እንደ ሆንሁ አልነገረቻቸውም፤ «የእስቴ ልጅ ናት» አለቻቸው። አያ ጫኔ ግን አልተደበቁኝም። «የልጄ እኅት ከሆነች ምን እደብቃታለሁ» ብለው፣ በማለዳ ወደ ጥዱ ሲወጡ እያየሁ ወጡ። ሲመለሱ ከቀፏቸው ማር ቆርጠው ሰጡኝ። ግራ እጃቸው የቀለበት ጣት አልነበረውም። ያን ልብ ብዬ አየሁ። እኔ ነገር ልብ ብዬ አያለሁ፤ እንዲህ ሆኜ ነው የተፈጠርሁ።

በዚያው ዓመት እንጉዳይ ታጨች። የታጨችለት ዲያቆን ነው፤ አባቱ መሪጌታ፣ ታናሽ ወንድሙ ምስጋናው ከእኛው ክፍል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ቀልደኛ ልጅ። ሽማግሌ ወደ አያ ጫኔ ቤት ሲላክ ምስጋናው አብሮ ሄዶ የአያ ጫኔን እጅ አይቷል፤ የጥዱን ነገር ግን እነሱ አያውቁም ነበር። ይህን አውቃለሁ። አውቄ ነው የጻፍሁት።

ቅናት ነበረብኝ? ነበረብኝ። ግን ቅናቱ ብቻውን እጄን አያንቀሳቅሰውም ነበር። ጽሑፉን ከማንበቤ ከሳምንት በፊት ጧት ክፍል ስንገባ ወንበራችን ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ «የእንጨት ልጅ» የሚል አገኘን። የቆየ ስድብ ነው፤ የቅማንት ሴቶች እንጨት ተሸክመው ጎንደር ገበያ ስለሚያወጡ፣ ከዛፍ እንጂ ከሰው አልተወለዱም የሚል። ለማን እንደ ተጻፈ አይታወቅም። ወንበሩ የሁለታችን ነው። እንጉዳይ ምራቋን ጣቷ ላይ አድርጋ ለማጥፋት ፈተገችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ አሰብሁ፦ ከሁለታችን አንዳችን ናት፤ እሷ ትሁን።

በዚያው ሰሞን የታሪክ መምህራችን፣ መጽሐፍ ስላልነበረ ከቢጫ ደብተራቸው እያነበቡ፣ ስለ አልባኒያ አስተማሩን። ቱርክ አልባኒያን በገዛ ዘመን ከክርስቲያን መንደሮች ወንዶች ልጆች ተመርጠው ይወሰዱ እንደ ነበር፤ ስማቸው፣ ሃይማኖታቸው ተለውጦ ጎራዴ እንደሚታጠቁ፤ አንዳንዱ ተመልሶ የተወለደበትን መንደር እንደሚወጋ። ደግሞ በየተራራው ሁለት ስም የነበራቸው ሰዎች እንደ ነበሩ፤ አንዱ ለግብር ሰብሳቢው፣ አንዱ ለእናቱ።

«ግን ቤሳ ነበራቸው» አሉ መምህሩ።

«መምህር፣ እኛ እኮ ቤሳ ቤስቲን የለንም!» አለ ምስጋናው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቁጭ በል አንተ ወሬኛ! ያንተ ቤሳ ፍራንክ ነው። የነሱ ቤሳ ቃል ማለት ነው። ቤሳዬን ሰጥቼሃለሁ ካለህ፣ ቤቱ የተጠጋኸው ሰው ልጁን የገደልህበት እንኳ ቢሆን አሳልፎ አይሰጥህም።» ከዚያ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ «ለማን ታማኝ ነበሩ?» «በየአገራችሁ ይህን የሚመስል ካለ ጽፋችሁ አምጡ» አሉን።

ሁለት ቀን ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ገለበጥሁት። ፊደሉ እንዳይሳሳት፣ ነጥቡ እንዳይዛነፍ። ስም አልጻፍሁም። ሳነበው ለራሴ «ስም አልጻፍሁም» እል ነበር፤ ይህን ነው ከሁሉ ይልቅ የምጸየፈው። የጻፍሁት ይህን ነው፦ ከአይከል ብዙ ሳይርቅ የሚኖር አንድ ገበሬ፤ ነጭ በቅሎ ያለው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ፣ ቀን ለይቶ ጥድ ሥር የሚሰግድ፤ የግራ እጁ የቀለበት ጣት የሌለው፤ አንዲት ሴት ልጁን ጎንደር የሚያስተምር። መጨረሻው ላይ «እንዲህ ያለ ሰው ለማን ታማኝ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። እኔ! እኔ ጠየቅሁ!

እጄን አወጣሁ። ቆሜ አነበብሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው እንጉዳይ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። ስለ ጥዱ ሳነብ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ልጅ እናቱን እንደሚስብ። ያን ጊዜ ማቆም ይቻል ነበር፤ ጣቱ ገና አልተነበበም ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልሁ። ጣቱን ሳነብ ምስጋናው ወደ ኋላ ዞረ። ያየው እኔን አይደለም። እሷን ነው። እንጉዳይ ቀሚሴን ለቀቀችው።

«ሸጋ!» አሉ መምህሩ። «ዝርዝር ማለት ይህ ነው። ታሪክ እንዲህ ነው የሚጻፈው።» ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ጆሮዬ እስኪግል ድረስ።

እዚህ ላይ ያበቃ ቢሆን ኖሮ ሳላስበው ያደረግሁት ነው እያልሁ ራሴን ማታለል በቻልሁ። ግን ቅዳሜ ጧት የእነ ምስጋናው አባት መሪጌታው ከአንድ አዛውንት ጋር ፀዳ ድረስ መጡ። እንጉዳይ የታጠበ ልብስ ስታሰጣ ደረሱ፤ በሩ ላይ እንደ ቆመች ቀረች። እነሱ አልጋው ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ የእስቴ ልጅ ነሽ አሉኝ» አሉ መሪጌታ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ልጄ ነገ ቅስና የሚቀበል ነው። ሰው ማማት አንፈልግም። የጻፍሽው የዚችን አባት ነው ወይስ እንዲያው ተረት ነው?»

ተረት ነው ብል ያልቅ ነበር። መሪጌታው ራሳቸው አውጥተው አቀብለውኛል፤ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። የሦስተኛ አባቴን ውሸት ሁለት ዓመት ሙሉ ስናገር ምላሴን ያልከበደኝ እኔ፣ ያን ዕለት እውነተኛ ሆንሁ።

«ሐሰት አልናገርም፣ የኔታ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የጻፍሁ።»

አዛውንቱ ጭናቸውን መቱ። «ጉድ እኮ ነው! እንጨት ለማገዶ እንጂ ለመቅደስ ይሆናል?» ብለው ብቻቸውን ሳቁ። ከዚያ ወደ እንጉዳይ ዞሩ። «ይቺስ? አብራችሁ የምታድሩ… የእናንተው ትሆን እንዴ?»

እንጉዳይ አየችኝ። እርጥብ ልብስ እጇ ላይ እንደ ተንጠለጠለ አየችኝ። አንድ ቃል ብትናገር አብረን እንወድቅ ነበር። የሚገባኝም እሱ ነበር።

«እሷ? ኧረ ምነው አያ!» አለች። «እሷማ የእስቴ ልጅ ናት። ከኛ ቤት ምን አግኝቷት።»

«ደግ። ያስታውቃል» አሉ መሪጌታ። ወጡ።

እንጉዳይ ልብሷን ከነእርጥቡ ማዳበሪያ ውስጥ ጨመረች። ምነው አልቅሳ በሆነ፣ ሰድባኝ በሆነ። በሩ ላይ ደርሳ «ጥሩዬ፣ ሽሮው ምድጃው ላይ ነው፤ እንዳያርርብሽ» አለችኝና ሄደች። እኔም አውርጄ በላሁት። ጠግቤ በላሁት።

ወደ ትምህርት ቤትም ሆነ ወደ ጎንደር አልተመለሰችም። ዲያቆኑ ሌላ አገባ። እኔ ተማርሁ፤ ዛሬ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ፤ መጽሐፍ በተራው ካልተደረደረ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት። አባቴ አንድ ጊዜ ሊጠይቀኝ መጥቶ ፒያሳ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ሲያገኘኝ «የሰፈራችን ሰው ነው» ብዬ አስተዋወቅሁት። እሱም ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣቸው። ከጊዜ በኋላ ሰው ሰውን «ከወዴት ነህ?» የሚልበት ክፉ ዘመን ሲመጣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። እስቴነቴን እንጉዳይ መስክራልኝ ነበርና።

አያ ጫኔ በሕይወት አሉ ሲሉኝ፣ ባለፈው ዓመት በሚኒባስ አይከል ወረድሁ። ሁሉን እንደሚያውቁ እርግጠኛ ነበርሁ። የሄድሁት ያባርሩኛል ወይም ይምሩኛል ብዬ ነው፤ ሁለቱም ያሳርፈኝ ነበር። ቤታቸው ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ ጋቢ ለብሰው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

አፌ እስቴ ለማለት ለምዷል። የአባቴን የቤት ስም ጠራሁ። ጎንደር ከገባሁ ወዲህ ያን ስም ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው።

«አላወቅሁሽም።»

«ከእንጉዳይ ጋር የተማርሁት ነኝ፣ አያ ጫኔ። ማር ሰጥተውኛል።»

«እሷማ የእስቴ ልጅ ነበረች።»

«አልነበርሁም።»

ቆሜ ነገርኋቸው። ወንበሩን፣ ጽሑፉን፣ ጣቱን፣ ሽማግሌዎቹን፤ አንድም አላስቀረሁም፤ ቀሚሴን እንደ ሳበችኝም ነገርኋቸው። ስጨርስ ጣት የጎደለው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ምን ጽሑፍ?» አሉ።

አያውቁም ነበር።

«ሽማግሌዎቹ ከሰው ሰማን ብቻ ነው ያሉኝ። እንጉዳይም ሰው ነው ያወራው አለችኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ለእጮኝነቱ የመጡ ዕለት ጠላ በዝቶብኝ አንድ ነገር አምልጦኝ ይሆናል ብዬ። ከዚያ ወዲያ ጠላ አልቀመስሁ። ከሰው ጋር አልተቀመጥሁ። የልጄን ትዳር የበላ ምላስ ምን አፍ አለው ብዬ እዚያም ጥዱ ሥር፣ እዚህም ቤተ ክርስቲያን መጸለዩን ተውሁት።» «ታውቅ ኖሯል?» አሉኝ። «እንጉዳይ? መተማ ሆና፣ ልጆች ወልዳ፣ በየዓመት በዓሉ እየመጣች፣ ራሴን ስበላ እያየች፣ ታውቅ ኖሯል?»

«ታውቃለች። አጠገቧ ቆሜ ነው ያነበብሁት።»

ይህን ስል ነው የገባኝ። ለሁለተኛ ጊዜ እሷን አጋልጬ ሰጠኋት፤ ያውም ለገዛ አባቷ። ይቅር በሉኝ የሚለውን ቃል ከጎንደር ተለማምጄው ሄጄ ነበር። አላወጣሁትም። ማን ሆኜ ነው የማወጣው?

አያ ጫኔ ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ መለሱ።

«ሂጂ አልልሽም» አሉ። «ተቀመጪም አልልሽም።»

እንደ ቆምሁ ቀረሁ።